ስድስት ሜትር ሰማይ

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። አለቃውም፣ ደንበኛውም፣ ደረጃውን የምታጥበው ሴትም «መርማሪ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት እናቷ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የጎረቤት ቁልፍ የእነሱን በር ለምን እንደማይከፍት ለማወቅ ብላ ጓጉንቸሩን በቢላ ፈታትታ አገኟት። የዚያን ዕለት ቤተሰቡ በሩን በገመድ አስሮ አደረ። እናትየውም «ይቺ መርማሪ ገና ጣራውን ታወርደዋለች» አሉ። ጣራው እስከ ዛሬ ደህና ነው፤ ስሙ ግን በዚያው ቀረ።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች «ለሁለት ወር ብቻ» ብላ የገባችበት ሥራ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላው። የሚታተመው ባነር ነው፤ የሱቅ ቅናሽ፣ የምርጫ እጩ፣ ሠርግ፣ ምረቃ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ»። ማሽኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ነው፤ የቀለሙ ሽታ ለእንግዳ ሰው ራስ ያዞራል፣ ለእሷ ግን ካልሸተታት ቀኑ የተጀመረ አይመስላትም። እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን ታስተካክላለች፣ ታትማለች። የሥራ ባልደረባዋ ሰንበሌጥ ደግሞ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ያጥፋል፣ ገመድ የሚያልፍባቸውን የብረት ቀለበቶች ዙሪያውን ይመታል። ሰንበሌጥ ያሉት «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ከሚለው ተረት ወስደው ነው። ሰውዬው ካልቸኮለ የሚታመም ይመስለዋል። ልቡ ግን ንጹሕ ነው፤ ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ፣ ኋላ እንዳትረግሙት።

የባነር ሥራ አንድ ክፉ ነገር አለው፤ አይቆይም። ሐሙስ የተሰቀለው ሰኞ ይወርዳል። ከወረደው ግማሹ ዞሮ ዞሮ የመርማሪ እናት ግቢ ይገባል፤ እናትየው ዝናብ በማያስገባ ነገር ቀልድ አያውቁም። የዶሮ ቤቱ ጣራ ላይ አንድ እጩ በግማሽ ፊቱ ይስቃል። የእንጨቱ ክምር «ታላቅ ቅናሽ» ተከናንቧል። የልብስ ማጠቢያውን ጥግ ሙሽሮች ጋርደውታል፤ ሙሽሮቹ በነገራችን ላይ ከተፋቱ ቆዩ። «ምን ይጎድለዋል?» ይላሉ እናትየው። «ሰውም ዶሮም ደርቆ ያድራል።»

መርማሪ ግን ጠዋት ጠዋት ጓሮ ቆማ ጥርሷን ስትቦርሽ ያን ሁሉ እያየች ሆዷ ይባባል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእጇ የወጣው ሥራ ቢዘረጋ ከተማውን ያለብሳል፤ ግድግዳ ላይ ዓመት የደፈነ ግን አንድም የለም። አንዲት ነገር፣ አንዲት ብቻ፣ በተሰቀለችበት ስትቀር ማየት ትፈልጋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባነር አታሚ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ነገር መመኘት ቅብጠት መስሎ ያሳፍራታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። መንገዱ ጥግ ባለው ሱቅ አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን ሱቁን ለልጃቸው ለቀው ቤት የዋሉ ሰው ናቸው።

«ምንም ያልተጻፈበት ነገር ታትማላችሁ?» አሉ።

አለቃው ሳቀ። «ጋሼ፣ ታዲያ ምኑን ሊያስተዋውቁበት ነው?»

«ምንም። ተራራና ሰማይ ነው የምፈልገው። ቁመቱ ሰባ ሴንቲ፣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር። ባቡሬ የሚሄድበት አገር አጣ።»

አለቃው ሽማግሌውን ትንሽ ነካ ያደረጋቸው መስሎት ወደ መርማሪ ጠቀሰ። እሷ ግን ጆሮዋ ቆሟል። የማይገባት ነገር ስትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ስለዚህ ሳይመሽ መላ መፈለግ ነበረባት።

«ጋሼ፣ ባቡሩን ላየው እችላለሁ?»

ቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ከጓሮ በኩል ባለች ጠባብና ረጅም ክፍል ውስጥ፣ ወገብ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ፣ ባቡሩ አለ። ጎታቹ ሎኮሞቲቭ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ሐዲዱ፣ ድልድዩ፣ ጣቢያው፣ ጣቢያው ላይ ሻንጣዋን ተደግፋ የቆመች ከጥፍር የማትበልጥ ሴት፤ ሁሉም በሰዓት ሠሪ መቆንጠጫ የተሠራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ወስዷል። መርማሪ ቦርሳዋን መሬት ጥላ ተንበረከከች።

«ይቺ ሴት ማንን ነው የምትጠብቀው? የድልድዩ ብሎኖች እውነተኛ ናቸው? ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል?»

«ባሏን፤ ናቸው፤ ይሄዳል» አሉ ጋሼ። እንዲህ አድርጎ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ማብሪያውን ተጫኑ። ባቡሩ ከጣቢያው ተነሣ፣ ድልድዩን አለፈ፣ ኮረብታውን ዞረ። ከኮረብታው ኋላ ኖራ የተቀባው ግድግዳ ተገትሯል።

«አየሽ ልጄ? እስከዚህ ድረስ አገር ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ የኔ ጓሮ ይሆናል።»

ራሳቸው ተራራ ሥለውበት ነበር። አንድ ወዳጃቸው ገና ከበሩ «ጎመን ተከልክ እንዴ?» ስላላቸው በኖራ አጠፉት።

«የታተመ እንደሆነ ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብለው ጠየቁ።

በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ደንበኛ የለም። ሌላው የሚጠይቀው መቼ እንደሚደርስ ብቻ ነው። «ፀሐይ ካልነካው እኛን ይቀብራል» አለች።

«እንግዲያው ሥሪልኝ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ከዚህ ግድግዳ ላይ የሚያወርደው የለም።»

መርማሪ ያን ቀን ወደ ሥራ የተመለሰችው እየዘለለች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው አሳስበዋት ነበር፤ አድማሱ፣ ማለትም ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር፣ በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸው ትክክል ላይ እንዲውል። ለምን እንደሆነ አልገባትም። ሲነጋ ማተሚያ ቤቱ ሰገነት ላይ ወጥታ ሩቁን እያየች ቆመች፣ ቁጭ አለች፣ ተንበረከከች። አድማሱ አብሯት ይወርዳል፤ ስትነሣም አብሯት ይነሣል። ሁልጊዜ ከዓይኗ ትክክል ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲከተላት ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አላየችውም ነበር። አምስት ጊዜ ተነሥታ ከተቀመጠች በኋላ ደረጃ የምታጥበው ሴት «ምን ነካሽ?» አለቻት።

እሑድ በአውቶቡስ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮረብታ ወጣች። የተውሶ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተክላ፣ ካሜራዋን ትንሽ ትንሽ እያዞረች፣ አንዱ ፎቶ የሌላውን ጫፍ እንዲደርብ አድርጋ አነሣች። ግማሹን ጠዋት ጨረሰች። ፀሐዩ ሲበረታ ምሳዋን በላች፣ ዛፍ ሥር ትንሽ አሸለበች፣ የቀረውን ከሰዓት በኋላ አነሣች። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ሰፍታ አንድ ስታደርጋቸው ሦስት ማታ ፈጀባት።

ከዚያ የለመደችውን አደረገች። የባነር ሕግ አንድ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሳይወድ በግዱ ያይ። ስለዚህ አረንጓዴውን አደመቀች፣ ሰማያዊውን አጠነከረች፣ የሩቁን ተራራ ድንጋይ በድንጋይ አጉልታ አወጣችው። በሚያብረቀርቀው ባነር አተመችው። አለቃው ራሱ ቆሞ አየና «ይህስ ሳሎን የሚሰቀል ነው» አለ።

ወስዳ ግድግዳው ላይ ዘረጋችው። ጋሼ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፣ ባቡሩን አስነሡ፣ አንድ ዙር ሙሉ ተከተሉት።

«ያምራል» አሉ በመጨረሻ።

«አልወደዱትም።»

«ያምራል እያልኩሽ! ችግሩ እኮ እሱ ነው። እስኪ ባቡሬን እዪው።»

አየችው። ተራራው ዘሎ ወጥቶ ባቡሩ ጫንቃ ላይ ተቀምጧል። ቅድም መንገደኛ የሚጭን የሚመስለው ነገር አሁን የልጅ አሻንጉሊት ሆኗል። መብራቱ ደግሞ ባነሩ ላይ እያንጸባረቀ አንዲት ትርፍ ፀሐይ አውጥቷል።

«እንግዳ ሲመጣ ተራራውን እንዲያደንቅልኝ አይደለም» አሉ ጋሼ ለስለስ ብለው። «ተራራ መኖሩን እንዳያስበው ነው የምፈልገው።»

መርማሪ ተናደደች። እውነቱን እንነጋገር፣ አንጀቷ አረረ። አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀችው ሥራ ተገኘ፤ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ነገር ግን ማንም እንዳያየው ሆኖ። ከዚህ የዶሮ ቤቱ እጩ አይሻልም? እሱን እንኳ ዶሮዎቹ ያዩታል። «ሰው እንዳያየው አድርገሽ ሥሪ ይባላል?» እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት አውቶቡስ አመለጣት።

በቀጣዩ አውቶቡስ ግን መስኮት ደረሳት። ኩርፊያዋን እንደያዘች ሩቁን ታያለች። ቀስ በቀስ ኩርፊያው ተነነ፤ ምክንያቱም አንድ የማይገባት ነገር አየች። ቅርብ ያለው ዛፍ አረንጓዴ ነው። ከኋላው ያለው ኮረብታ አረንጓዴነቱ ደከም ብሏል። የመጨረሻው ተራራ ጭራሽ አረንጓዴ አይደለም፤ ታጥቦ ታጥቦ እንደለቀቀ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ዛፍ እንዳለበት ታውቃለች፤ ዓይኗ ግን ዛፍ አያይም። ቀለም ስትቀላቅል የኖረች ሴት ሩቅ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አታውቅም ነበር። ከሁለት ፌርማታ በኋላ መውረድ ሲገባት አልወረደችም፤ እስከ መጨረሻው ሄዳ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ማደብዘዝ ሆነ። የሩቁን ተራራ እያጠበች፣ ድንጋዩን እያለዘበች፣ ሰማዩን ከታች ወደ ነጭ እየወሰደች ቆየች። በሚያብረቀርቀው ባነር ፈንታ የማያብረቀርቅ ጨርቅ መረጠች። የሙከራውን ወረቀት ቤት ወስዳ ወለሉ ላይ ስትዘረጋው እናቷ አልፈው ሊሄዱ ነበር፤ ቆሙ።

እናትየው ስለሚያዩበት ዓይን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መቶ ሰው ከተሰበሰበበት አዳራሽ ሲወጡ የማን ቁልፍ እንደረገፈ፣ የማን ተረከዝ እንደተበላ ይነግሯችኋል። እንከን ከሳቸው አያመልጥም፤ የጠሉት ሰው ቢሆን ጮክ ብለው፣ የወደዱት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጮክ ብለው ይናገራሉ።

«ይቺ ዛፍ ጥላዋን ወዲህ ጥላለች» አሉ በከዘራቸው ጫፍ እያሳዩ። «ያቺኛዋ ወዲያ። ተኳርፈው ነው?»

መርማሪ አጎንብሳ አየች። እውነት ነው። የጠዋቱ ዛፍ ወደ ግራ፣ ከምሳ በኋላ ያለው ወደ ቀኝ። መካከሉ ላይ አንድ ቁጥቋጦ በሁለቱም በኩል ጥላ ጥሏል።

«ምሳሽን በልተሽ ተኝተሽ ነበር» አሉ እናትየው፤ ማን እንደነገራቸው እግዜር ይወቅ።

በሚቀጥለው እሑድ ምሳ ሳትይዝ ሄደች። ሁሉንም በአንድ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይንቀሳቀስ ልትቀድመው እየተሽቀዳደመች አነሣች።

የማያብረቀርቀው ጨርቅ ከጥቅሉ የቀረው ስድስት ሜትር ተኩል ብቻ ነበር። አምጪው ነጋዴ «ሌላ መቼ እንደሚገባ አላውቅም፤ ምናልባት በዓመቱ» ብሏል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ራሷ ቆማ ጠበቀችው። ሰማዩ መስመር በመስመር ወጣ፤ ተራራው ተከተለ። ሲያልቅ ራቅ ብላ አየችው። ምንም አይጮህም። ስታየው ዓይኗ አልፎት ይሄዳል። ይሄ ነው አለች በልቧ፤ እንዲደርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታው እጇን ልትታጠብ ወጣች።

ስትመለስ ሰንበሌጥ መዶሻውን ይዞ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

«ጨረስኩልሽ!»

ዙሪያውን፣ በየግማሽ ሜትሩ፣ የሚያበራ የብረት ቀለበት ተመትቷል። ከላይ አሥራ ሦስት፣ ከታች አሥራ ሦስት፣ በሁለቱም ጫፍ ደግሞ ጠጋ ጠጋ ብለው ሁለት ሁለት። ሰማዩ ቁልፍ የተተከለበት ካፖርት ሆኗል። ሰንበሌጥ ያለ ቀለበት የወጣ ሥራ አይቶ አያውቅም፤ እጁ ሳይጠይቀው ነው የሠራው።

መርማሪ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር፤ ቁጭ ማለቷን ሲያይ ሰንበሌጥ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ጠየቀ። ስትነግረው መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። በማተሚያ ቤቱ ታሪክ ቀስ ብሎ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ሁለቱም ጨርቁን ተሸክመው ጋሼ ቤት ሄዱ። ጋሼ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። የሰዓት መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከላይ ያሉት መብራቱን በሚሸፍነው ሳንቃ ይደበቃሉ። ከታች ያሉት ከኮረብታው ጀርባ ይቀራሉ። በጫፎቹ ያሉት አራቱ ግን ባዶ ሰማይ ላይ ናቸው፤ የሚደበቁበት የለም።

«ብረቱን በመቆንጠጫዬ አወጣዋለሁ» አሉ። «ቀዳዳው ነው እንጂ። ከቀዳዳው የወጣችው ጨርቅ የት ገባች?»

ሰንበሌጥ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጠ። ቀዳዳው ሲበሳ የምትወጣው ክብ ቁራጭ ከሥር ያለ ባልዲ ውስጥ ትወድቃለች፤ ባልዲው ደግሞ ከተደፋ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ወለሉ ላይ ገለበጠውና ቁጭ አለ። ቀይ ክብ፣ ቢጫ ክብ፣ የእጩ ከረባት፣ የሙሽራ ቬሎ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ክቦች። ከነዚያ መካከል የማያብረቀርቁትን፣ ነጣ ያለ ሰማይ ያለባቸውን ይለቅማል። መርማሪም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ቂሟ እዚያው ላይ ቀለጠ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አለቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ ተገርሞ ሄደ። ሲመሻሽ ሦስቱ ተገኙ፤ አራተኛዋ ውሃ በላት።

ጋሼ እያንዳንዷን ክብ ወደ ቀዳዳዋ መልሰው፣ ከጀርባ ስስ ወረቀት ለጥፈው፣ የቀለሙን አቅጣጫ በመነጽር እያዩ ገጠሟት። ሰዓት ሠሪ እንጂ ማን ይህን ያደርጋል? ለአራተኛዋ ቀዳዳ በክብሪት እንጨት የስልክ ምሰሶ ሠርተው ፊት ለፊቷ ተከሉ።

ጨርቁ ከተሰቀለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሼ ወዳጆቻቸውን ጠሩ። መርማሪ እናቷን ይዛ ሄደች፤ ሰንበሌጥም ቀድሞ ደርሷል። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። የሌላው ሰው አስተያየት ምንም አይደለም፤ እነዚያ ዓይኖች ግን ግድግዳው ላይ ሲያርፉ ምን እንደሚያገኙ እያሰበች ነበር የሄደችው። ስለ ሥራው የነገረቻቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «የኔ ሥራ አለበት፣ ነይና እዪልኝ»።

እናትየው በከዘራቸው ተደግፈው ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሹት።

«የጣቢያው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል» አሉ። አርባ ዓመት ሰዓት የጠገኑት ጋሼ ቀልተው መቆንጠጫቸውን ፈለጉ።

«ይቺ ምሰሶ ደግሞ ከጓደኞቿ ተገንጥላ ምን ትሠራለች?» ሰንበሌጥ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ባቡሩ ተነሣ። ድልድዩን አለፈ፣ ኮረብታውን ዞረ፣ ሜዳውን ይዞ ወደ ተራራው ሥር ሄደ። እናትየው አንገታቸውን አስግገው ተከተሉት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። መርማሪ ከኋላቸው ቆማለች።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ እናትየው ዞር ዞር አሉ። ከበሩ በላይ አዩ። የኋላውን ግድግዳ አዩ። ወደ ጣራውም ቀና አሉ። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቧትና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አወረዱብሽ እንዴ ልጄ?» አሉ።

ቁጣም፣ እዝነትም ነበረበት። መርማሪ እናቷን እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ የሰማችው ጥቂት ጊዜ ነው። ለማንም ያልተናገረችውን ነገር፣ ጥርሷን እየቦረሸች የምታየውን ነገር፣ እኚህ ሴት ለካ ያውቁት ኖሯል። ስንት ዓመት አውቀው ዝም አሉ?

«አልወረደም እማዬ።»

«ታዲያ የታለ?»

«ከፊትሽ ነው። ያ ተራራ፣ ያ ሰማይ። ጨርቅ ነው፣ እኔ ነኝ ያተምኩት።»

እናትየው ወደ ፊት ዞሩ። ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ሩቁ ተራራ ሊጠቁሙ ብለው መልሰው አወረዱት። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉና እንደገና አደረጉት። ረጅም ጊዜ አዩ፤ እንከን ሲፈልጉ የሚያሳዩትን የከንፈር ንክሻ ነክሰው አዩ።

«እና ግድግዳው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ።

መርማሪ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት፣ አላፈረችም። እናቷ ትከሻ ላይ እጇን አድርጋ ቆመች፣ ባቡሩም እንደገና ኮረብታውን ዞሮ መጣ።